ጠማማው አጥንትና ማንኮራፋቱ፦ የአንድ የኮምቦልቻ ሾፌር ጉዳይ

ታካሚው የ46 ዓመት የተሳቢ ሾፌር ነው። ቤቱ ኮምቦልቻ ሲሆን በባቲና በሚሌ አድርጎ ጋላፊን አልፎ እስከ ጅቡቲ ይመላለሳል። ደሴ ወደሚገኝ የአንገት በላይ ሐኪም የመጣው የሲቲ ስካን ፊልም ይዞ ነበር። ጥያቄውም አንድ ነው፤ «አጥንትህ ጠማማ ነው ተብያለሁ። ኦፕራሲዮን ብሆን ማንኮራፋቱ ይለቀኛል ወይ?»

ፊልሙ አልዋሸም። ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች የሚለየው ግድግዳ (ሴፕተም) ወደ ግራ አጋድሏል፤ ከግርጌውም ወደዚያው የገፋ ሹል አጥንት አለ። ነገር ግን ፍጹም ቀጥ ያለ ሴፕተም ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ተጣሞም ድምፅ ሳያሰማ የሚተኛው ብዙ ነው። ፊልሙ የሚናገረው ግድግዳው መጣመሙን እንጂ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አይደለም። በነገራችን ላይ፣ የሳይነስ በሽታ ካልተጠረጠረ በቀር ለዚህ ውሳኔ ሲቲ ስካን አያስፈልግም። ግድግዳው በግንባር መብራትና በአፍንጫ መክፈቻ፣ ካለም በኢንዶስኮፕ (ውስጥን በሚያሳይ ቀጭን ቱቦ)፣ በሁለት ደቂቃ ይታያል። ለፊልሙ የወጣው ገንዘብ በኋላ ላይ በእጅጉ ለተፈለገው ምርመራ በዋለ ነበር።

ድምፁ ከየት ነው?

አፍንጫ በአጥንትና በካርቲሌጅ (በለስላሳ አጥንት) የተወጠረ ስለሆነ አይርገበገብም። የሚርገበገበው ከኋላው ያለው ልል ሥጋ ነው፤ ለስላሳው ላንቃ፣ እንጥል፣ የምላስ ሥርና የጉሮሮ ግድግዳ። የአፍንጫ መዘጋት ነገሩን የሚያባብሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ በጠበበ ቀዳዳ አየር ለማስገባት ደረት አጥብቆ ሲስብ ከኋላ ያለው ልል ክፍል ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፤ ጫፉን ቆንጥጠው የሚስቡት ስትሮ መሃሉ እንደሚጣበቀው ማለት ነው። ሁለተኛው፣ አፍንጫ ሲዘጋ አፍ ይከፈታል፤ አፍ ሲከፈት መንጋጋ ወደ ኋላ ይወርዳል፣ ምላስም ተከትሎ ወደ ጉሮሮ ይንሸራተታል።

ስለዚህ አፍንጫን መክፈት ማንኮራፋትን ሊቀንስ ይችላል። ጭራሽ የሚያጠፋው ግን ጉሮሮው ሰፊ ሆኖ ዋናው ጥበት አፍንጫው ላይ ብቻ ሲሆን ነው። በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ የሚቆምበት ሰው (አፕኒያ ያለበት) ደግሞ ሴፕተሙ ብቻ ቢቃናለት ትንፋሹ በሰዓት የሚቆምበት ብዛት እምብዛም አይለወጥም።

ከታሪኩ የተገኘው

አፍንጫውን በኳስ የተመታው በ17 ዓመቱ ነው፤ ግራው ከዚያ ወዲህ እንደልብ አየር አስገብቶ አያውቅም። ማንኮራፋቱ የጀመረው ግን ከ6 ዓመት ወዲህ፣ ወደ 14 ኪሎ ከጨመረ በኋላ ነው። ከፊልሙ ይልቅ ይህ የጊዜ ቅደም ተከተል ብዙ ይናገራል። አጥንቱ ለ23 ዓመት ጠማማ ሆኖ ሲኖር ሰውየው በጸጥታ ይተኛ ነበር።

ሁለተኛው ፍንጭ የቀኝ ቀዳዳው ነው። ግራው ሁልጊዜ የተዘጋ ሲሆን ቀኙ አንዳንዴ ይከፈታል፣ አንዳንዴ ይዘጋል፤ ሲተኛ ይብሳል። ቋሚ መዘጋት አጥንትንና ካርቲሌጅን ያስጠረጥራል፤ የሚመላለስ መዘጋት ግን የውስጥ ሥጋ እብጠት ነው። ሲጠየቅም ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የተገዛ የአፍንጫ ጠብታ ለ8 ወር፣ በየቀኑ ሦስትና አራት ጊዜ ሲጠቀም መቆየቱ ታወቀ። ኦክሲሜታዞሊንና ዛይሎሜታዞሊን ያላቸው ጠብታዎች ከ3 እስከ 5 ቀን ላለፈ ጊዜ ሲወሰዱ መድኃኒቱ በለቀቀ ቁጥር ሥጋው ከበፊቱ ብሶ ያብጣል። ደም ግፊትም ይጨምራሉ፤ የእሱ በዕለቱ 148 በ94 ነበር።

ሦስተኛውን ፍንጭ የሰጠችው ሚስቱ ናት። «ሲያንኮራፋማ ለምጄዋለሁ፤ ወላሂ እኔን የሚቀሰቅሰኝ ዝም ሲል ነው።» ዝምታው እስኪሰበር ስንት እንደምትቆጥር ስትጠየቅ «አስራ አምስት፣ አንዳንዴ ሃያ» አለች። ትንፋሽ ለ10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲቆም አፕኒያ ይባላል። በመኪናው ጋቢና አብሮት የሚያድረው ረዳትም በስልክ ተጠይቆ ይህንኑ አረጋገጠ፤ «ጋሼ ቁርጥ ይልና እንደታነቀ ሰው ተንፍሶ ይነሳል።» ሚስትና ረዳት ያልተጠየቁበት የማንኮራፋት ታሪክ ግማሽ ታሪክ ነው፤ ባለቤቱ ተኝቶ ነበርና።

የቀን እንቅልፍ የሚለካው የኤፕዎርዝ መጠይቅ 8 ሁኔታዎችን ከ0 እስከ 3 ያስመዝናል፤ ከ24 ውስጥ ከ10 በላይ ያመጣ ሰው ከልክ ያለፈ የቀን እንቅልፍ አለበት ይባላል። ሾፌሩ ራሱን ሲሞላ 6 አገኘ። ሚስቱ ስለ እሱ ስትሞላ 14 መጣ። ልዩነቱ ውሸት ብቻ አይደለም። መንጃ ፈቃዱ ላይ ችግር እንዳይመጣ መስጋቱ አንድ ነገር ነው፤ ከባቲ ቁልቁል በጫት መንዳቱ ሌላ። ምርቃና እንቅልፉን ይደብቃል እንጂ የተቆራረጠውን ሌሊት አይጠግነውም፤ እንዲያውም ማታ ዘግይቶ ያስተኛና ዕዳውን ይጨምረዋል። ሾፌር በሚመረመርበት ጊዜ «ጫት ባልቃምክበት ቀን» እየተባለ መጠየቅ አለበት።

በአካል ምርመራው

ክብደት 92 ኪሎ፣ ቁመት 172 ሳንቲሜትር፣ ክብደቱ ከቁመቱ አንጻር ሲለካ (ቢኤምአይ) 31፣ የአንገት ዙሪያ 43 ሳንቲሜትር። አፍ ሲከፍት የእንጥሉ ሥር ብቻ ይታያል (ማላምፓቲ በሚባለው የጉሮሮ ጥበት መለኪያ 3ኛ ደረጃ)፤ ላንቃው ረጅምና ዝቅ ያለ፣ የእንጥሉ ጫፍ ያበጠ፣ ቶንሲሎቹ ትንንሽ። ስቶፕ ባንግ በሚባለው መጠይቅ ከ8 ነጥብ 6 አገኘ፦ ማንኮራፋት፣ ድካም፣ በሌላ ሰው የታየ የትንፋሽ መቆም፣ ደም ግፊት፣ ከ40 ሳንቲሜትር የበለጠ አንገት፣ ወንድ መሆን። 5 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ሥጋት ነው።

በአፍንጫው ውስጥ፣ በግራ ግድግዳውና ሹሉ አጥንት የታችኛውን ተርቢኔት (ከአፍንጫው ጎን ወደ ውስጥ የወጣውን ሥጋ የለበሰ አጥንት) ነክተው ይታያሉ። በቀኝ ደግሞ ተርቢኔቱ ባዶውን ቦታ ሞልቶ አብጧል፤ ግድግዳ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል በሌላው ወገን ያለው ተርቢኔት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያድጋል። እብጠት ማሸሺያ መድኃኒት ተረጭቶ ከ10 ደቂቃ በኋላ እንደገና ሲታይ ቀኙ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ፤ ግራው ጥቂት ብቻ። ማለትም ቀኙ የእብጠት፣ ግራው የቅርጽ ችግር ነው። ኦፕራሲዮን ሊነካ የሚችለውን ክፍል ከማይነካው የሚለየው ይህ ርካሽ ፈተና ነው፤ ተዘሎ መታለፉ ግን የተለመደ ነው።

የአፍንጫ መዘጋትን የሚለካው ኖዝ መጠይቅ (5 ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4፣ ድምሩ በ5 ተባዝቶ ከ100) 65 ሆነ። አፍንጫው በእርግጥ ታማሚ ነው፤ ይህን ማንም አልካደም።

የሦስት ሌሊት ሙከራ

ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት አፍንጫውን ለአንድ ሌሊት በጊዜያዊነት ከፍቶ ማየት ይቻላል። ሚስቱ ስልኳን ከአልጋው አንድ ሜትር ርቀት ላይ አስቀምጣ ድምፅ ቀረጸች። የመጀመሪያው ሌሊት ያለ ምንም ነገር። ሁለተኛው አፍንጫ ላይ ከውጭ ተለጥፎ ቀዳዳውን በሚያሰፋ ፕላስተር። ሦስተኛው በፕላስተሩ ላይ ከመኝታ በፊት አንድ ጊዜ የተወሰደ ጠብታ ተጨምሮ፤ ግፊቱ ከተለካ በኋላና ለዚያች ሌሊት ብቻ። በሦስቱም የእራት ሰዓቱ፣ ትራሱና የሚተኛበት ወገን አንድ ዓይነት እንዲሆን ተነገረው፣ አልኮልም እንዳይኖር፤ አለበለዚያ ሌሊቶቹን ማወዳደር አይቻልም።

በሦስተኛው ሌሊት ጠዋት አፉ አልደረቀም፣ «አየር ጠገብኩ» አለ። ቀረጻው ላይ ድምፁ ቀንሷል። ዝምታዎቹ ግን እዚያው ናቸው፤ ከእነሱ በኋላ የሚመጣው የመታነቅ ትንፋሽም አልጠፋም። ውሳኔውን ያዞረው ይህ ነው። አፍንጫው ተከፍቶም ጉሮሮው ከተዘጋ፣ ቀዶ ሕክምናው በተሳካ ጊዜ የሚሰጠው ከዚህ ሌሊት እምብዛም አይበልጥም። በተቃራኒው አንድ ቀጭን ሰው በፕላስተር ብቻ ጸጥ ብሎ ቢያድር፣ ትንፋሹ ቆሞ የማያውቅ ቢሆን፣ አንዱ ቀዳዳውም በመድኃኒት ባይከፈት፣ ሴፕቶፕላስቲ (ግድግዳውን የማቃናት ኦፕራሲዮን) ለማንኮራፋቱ ጭምር ተስፋ አለው።

የሌሊቱ ምርመራ

የጥርጣሬው ደረጃ ከፍ ስላለ በቤት የሚወሰድ የእንቅልፍ መመርመሪያ ከአዲስ አበባ እንዲመጣ ተደረገ። ሦስት ክፍል አለው፤ አፍንጫ ሥር የሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ ደረት ላይ የሚታሰር ቀበቶ፣ ጣት ላይ የሚሰካ ኦክሲሜትር (የደም ኦክስጅን መለኪያ)። የመጀመሪያው ሌሊት ከሸፈ፤ ቱቦው ተንሸራቶ ወጥቶ፣ መሣሪያው ከሁለት ሰዓት በኋላ የአየር ፍሰት የለም እያለ መዘገበ። በአፍ የሚተነፍስ ሰው ላይ ይህ ያጋጥማል። በሁለተኛው ሌሊት ቱቦው ጉንጭ ላይ በሁለት በኩል በፕላስተር ተያዘ፣ ቀበቶውም ከጡት ከፍ ብሎ ታሰረ።

ውጤቱ በሰዓት 27 የትንፋሽ መቆምና መቀነስ ሆነ። ከ5 እስከ 14 ቀላል፣ ከ15 እስከ 29 መካከለኛ፣ 30 እና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። በጀርባው ሲተኛ 41፣ በጎኑ ሲተኛ 14። ዝቅተኛው ኦክስጅን 76 በመቶ። ደሴ በባሕር ጠለል ላይ ወደ 2,500 ሜትር ስለሆነች የማንም ጤነኛ ሰው ኦክሲሜትር ከቆላው ጥቂት ዝቅ ይላል፤ 93 ወይም 94 ማየት ብቻውን አያስደነግጥም። የሚታየው እንደ መጋዝ ጥርስ ሲወርድና ሲመለስ የሚያድረው መስመር ነው። የዚህ ሰው መስመር እንዲያ ነበር።

የመጀመሪያው ውሳኔ፦ ኦፕራሲዮኑ ይቆይ

ሦስት ምክንያት ነበር። ኦፕራሲዮኑ አፕኒያውን አያድነውም። ያልታከመ አፕኒያ ያለበትን ሰው ማደንዘዣ መስጠት፣ በኋላም አፍንጫውን መድፈን፣ በጣም አደገኛውን ሌሊት መፍጠር ነው። ቀኙ ቀዳዳ ደግሞ ያለ ቢላዋ ሊከፈት ይችላል።

ጠብታው በአንድ ጊዜ አልተቋረጠም፤ በመጀመሪያ በቀኙ ቀዳዳ ቆመ፣ ከሳምንት በኋላ በግራው። በምትኩ የፍሉቲካዞን ስፕሬይ በቀን አንድ ጊዜ፣ በየቀዳዳው ሁለት ሁለት ጊዜ። አረጫጨቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንገት ቀና ሳይሆን ጎንበስ ይላል፤ ቀኝ እጅ ለግራ ቀዳዳ፣ ግራ እጅ ለቀኝ ቀዳዳ ይይዛል፣ ጫፉም ወደ ዓይን ውጫዊ ማዕዘን ያመለክታል። ወደ መሃል ግድግዳው ከተረጨ ያደማል። ሥራው በቀን አይታይም፤ ሳምንታት ይፈልጋል።

ለማጠቢያው በ1 ሊትር ውሃ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሳይከመር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ። ሱቅ ውስጥ ቤኪንግ ፓውደር ከተሰጠ ይመለስ፤ ሌላ ነገር ነው። ውሃው ፈልቶ ለብ እስኪል መቀዝቀዝ አለበት። ኮምቦልቻ ላይ ከፈላ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል፤ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት በሚፈላበት በደሴ ከፍታ ግን 3 ደቂቃ።

ለጉሮሮው ሲፓፕ ታዘዘ፤ በጭምብል የአየር ግፊት እየገፋ ጉሮሮውን ከፍቶ የሚያሳድር ማሽን። በስተጀርባው ኪስ ተሰፍቶበት የቴኒስ ኳስ የገባበት ካናቴራም ተጨመረ፣ በጀርባው እንዳይተኛ። የግፊት መድኃኒት ተጀመረ። ማሽኑን እስኪለምድ በሌሊት እንዳይነዳም ተነገረው። ይህን ምክር መቀበል ለደመወዝተኛ ሾፌር ቀላል አይደለም፤ ከባለንብረቱ ጋር በቀን ጉዞ ላይ ተስማማ።

የከሸፈው ነገር

ከ6 ሳምንት በኋላ ቀኙ ተከፍቷል፣ ግራው እንዳለ ነው፣ ኖዝ ወደ 50 ወርዷል። የሲፓፑ ማስታወሻ ካርድ ሲነበብ ግን አማካዩ በሌሊት 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነበር፤ ቢያንስ 4 ሰዓት ይጠበቃል። ማሽኑ 11 ሳንቲሜትር ውሃ የሚደርስ ግፊት ይጠይቅ ነበር። ግራው ስለተዘጋ ሁሉም አየር በቀኙ እየጮኸ ይገባል፤ አፉ ይከፈታል፣ አየሩ በአፉ ይፈሳል፣ እሱም ነቅቶ ጭምብሉን ያወልቃል። አፍና አፍንጫን አንድ ላይ የሚሸፍነው ትልቁ ጭምብል ተሞከረ። በጢሙ በኩል አፈሰሰ፤ በሚሌ ሙቀት ደግሞ ፊቱን አላበው።

ኦፕራሲዮኑ እንደገና የተነሳው እዚህ ላይ ነው፤ ዓላማው ግን ሌላ ነው። የፈቃድ ቅጹ ላይ በእጅ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ «ዓላማው የግራ ቀዳዳን መክፈትና ሲፓፕን ማስቻል ነው። ማንኮራፋትን ለማጥፋት አይደለም።» ሚስቱም አንብባ ፈረመች። ከእንዲህ ዓይነት ኦፕራሲዮን በኋላ የሚነሳው ቅሬታ በአብዛኛው የእጅ ስህተት ሳይሆን ያልተጻፈ ተስፋ ነው።

ኦፕራሲዮኑ

አስፕሪንና ኢቡፕሮፌን ከሳምንት በፊት ቆሙ፤ ግፊቱ ከ140 በ90 በታች ሆነ። በሙሉ ማደንዘዣ፣ በአፍንጫው ውስጥ በኩል፣ ከውጭ ምንም ስፌት ሳይኖር ተሠራ። ሽፋኑ ከካርቲሌጁ ላይ ይገለጣል፣ የተጣመመው ካርቲሌጅና ሹሉ አጥንት ይወጣል ወይም ይቃናል። ከላይና ከፊት ግን ቢያንስ 1 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ካርቲሌጅ እንዲቀር ይደረጋል፤ አፍንጫውን የሚሸከመው እሱ ነው፣ ከተነካ ከጊዜ በኋላ ጀርባው እንደ ኮርቻ ይጎድጉዳል። የቀኙ ተርቢኔትም በዚያው ተቀነሰ፤ ግድግዳው ወደ መሃል ሲመለስ ቀኙን እንዳያጠብበው።

ጥጥ አልተጠቀጠቀም። ሽፋኑ በሚቀልጥ ክር ተሰፍቶ ተጣበቀ፣ አየር ማሳለፊያ ያላቸው የሲሊኮን ቁራጮች በሁለቱም በኩል ተደረጉ፣ በ7ኛው ቀንም ወጡ። የመጀመሪያውን ሌሊት ሆስፒታል ውስጥ ጭንቅላቱን 30 ዲግሪ ከፍ አድርጎ፣ ኦክሲሜትር ጣቱ ላይ ሆኖ አደረ፤ ለሕመሙ ፓራሲታሞል እንጂ ትንፋሽን የሚያዳክሙ ኃይለኛ ማስታገሻዎች አልተሰጡትም። አፕኒያ ያለበትን ሰው በዚያው ቀን ወደ ቤት መላክ ተገቢ አይደለም።

ሲወጣ ለ2 ሳምንት አፍንጫ አለመናፈጥ፣ ሲያስነጥስ አፍ መክፈት፣ ከባድ ነገር አለማንሳት ተነገረው፣ ጎማ መቀየርም አይቻልም። በተለይ የተሰመረበት ግን ይህ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁለቱም ቀዳዳዎች በድንገት ከተዘጉ፣ ሕመሙ ከጨመረ ወይም ትኩሳት ከመጣ ጠዋትን ሳይጠብቅ እንዲመለስ። በሽፋኑና በካርቲሌጁ መካከል ደም ተቋጥሮ ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ ካልፈሰሰ ካርቲሌጁ ደሙን አጥቶ ይሞታል፣ መግልም ይይዛል። ሌሎቹ ሊመጡ የሚችሉ ነገሮች፣ ማለትም የግድግዳ መበሳት፣ የውስጥ ሥጋ መጣበቅ፣ የላይኛው ፊት ጥርስ ጊዜያዊ መደንዘዝና ጥቂት ሰዎች ላይ የማሽተት መቀነስ፣ ቀድመው ተነግረውታል። ከእነዚህ ለሦስት ሳምንት የቆየ የጥርስ መደንዘዝ ብቻ ደረሰበት።

ከ3 ወርና ከ6 ወር በኋላ

በ3ኛው ወር ኖዝ 20 ሆነ። ማሽኑ የሚጠይቀው ግፊት ከ11 ወደ 9 ወረደ፤ በትንሹ የአፍንጫ ጭምብል በአማካይ 5 ሰዓት ተኩል ይተኛል። የደም ግፊቱ 132 በ84 ነው፤ የቱ ድርሻ የመድኃኒቱ፣ የቱ የሲፓፑ እንደሆነ ለይቶ መናገር አይቻልም። ሚስቱ ስለ እሱ የሞላችው ኤፕዎርዝ ከ14 ወደ 7 ወረደ።

በ6ኛው ወር፣ ክብደቱ 88 ኪሎ ሆኖ፣ የቤቱ ምርመራ ያለ ማሽን ተደገመ። በሰዓት 24። ከ27 እምብዛም የራቀ አይደለም፤ ከሌሊት ሌሊት በራሱ የሚለዋወጠው ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። ማሽኑን ባላደረገበት ሌሊት ዛሬም ያንኮራፋል። ከክብደት 10 በመቶ መቀነስ ይህን ቁጥር በሩብ ያህል ሊያወርደው ስለሚችል የቀረው ሥራ በዚያ በኩል ነው፤ ለእሱ 83 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ጥርስ ሐኪም የሚሠራው መንጋጋን ወደ ፊት የሚይዝ መሣሪያም ማሽኑን ለሚጠላ ሰው አማራጭ ሆኖ ተነግሮታል፤ አልፈለገውም።

አሁን የሚያስቸግረው መብራት ነው። ኮምቦልቻ ላይ መብራት በሄደ ቁጥር ማሽኑ ይቆማል፣ እሱም በጎኑ ተኝቶ ያነጋል። በጋቢናው ውስጥ ግን መፍትሔ ተገኝቷል። ተሳቢው 24 ቮልት ስለሆነ በመኪና ሲጋራ መለኮሻ በኩል ለማሽኑ ሞዴል የተሠራው የቀጥታ ኃይል ገመድ ተሰክቶ ያድራል፤ የእርጥበት ማሞቂያው ይጠፋል፣ ኃይሉን አብዝቶ የሚጎትተው እሱ ነውና። በተለመደው ኢንቨርተር መጠቀም ይቻላል፤ ግን ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ጠዋት ሞተሩ እምቢ ይላል። ረዳቱ ማታ ማታ የባትሪውን ቮልት ያያል፤ ከ24 በታች ሲወርድ ማሽኑን ነቅሎ ጋሼውን በጎኑ ያዞረዋል።